ከአራት ዓመት ልጅ ጋር በባሌ ተራሮች

ረቡዕ

ከሻሸመኔ ማለዳ ተነሥተን በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ወደ ዲንሾ ስናመራ ከመኪናው ዕቃ ግማሽ የሚሆነው የልጃችን ነበር። አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ሕፃን ራሱ የሚሸከመው ነገር ባይኖርም ለእሱ ተብሎ የሚያዘው ከአዋቂው ይበልጣል፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ከሥር የሚነባበር ስፖንጅ፣ በየላስቲኩ የታሰረ ቅያሪ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያና ካልሲ፣ ቦቲ ጫማ፣ በመጨረሻም ባለቤቴ «ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?» እያለ ሲከራከርበት የቆየው ፖፖ። ፖፖው ይምጣ ብዬ የጸናሁት እኔ ነኝ። በውርጭ ሌሊት የተኛን ልጅ ከድንኳን አውጥቶ፣ ጫማ አጥልቆለት፣ በጨለማ ቁጥቋጦ ሥር አሽንቶ መመለስ ማለት ከዚያ በኋላ ለእሱም ለእኛም እንቅልፍ የለም ማለት ነው።

ጥርን የመረጥነው አስበንበት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በባሌ ተራሮች ቀኑ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ የሚጥል ነው። በዝናቡ ወራት ሌሊቱ ትንሽ ይለዝባል፤ ነገር ግን ልብሱ የረጠበ ልጅ በደረቅ ብርድ ውስጥ በደንብ ከተጠቀለለ ልጅ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የትንሽ ልጅ ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ቆዳ ከአዋቂ ስለሚበዛ ሙቀቱን የሚያጣው ፈጥኖ ነው፤ ጨዋታ ከያዘ ደግሞ መብረዱን አይናገርም። ስለዚህ በየጊዜው አንገቱ ሥር እጅ ሰድዶ መዳሰስ የእኛ ሥራ ሆኖ ሰነበተ። የየዕለቱ ሰዓትም የተመደበው በእንቅልፉ ልክ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋቸዋል፤ ማደሪያቸው ድንኳን ስለሆነ ይህ አይቀንስላቸውም።

ዲንሾ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ አውራ ጎዳናው የብሔራዊ ፓርኩን ሰሜናዊ ጫፍ፣ የጋይሳይን የሣር ሜዳ፣ ያቋርጣል። ገና የመግቢያ ትኬት ሳንቆርጥ ከርከሮዎች የፊት ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ተንበርክከው ሲግጡ በመኪናው መስኮት አየን። ልጁ «ለምንድን ነው የሚጸልዩት?» ሲል ጠየቀ። አባቱ አንገታቸው አጭር ስለሆነ ሣሩ ላይ ለመድረስ መንበርከክ እንደሚቀላቸው በዝርዝር አስረዳው፤ እሱ ግን ከጸሎቱ ፈቀቅ አላለም፣ እኔም አላረምኩትም።

በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ክፍያውን ፈጽመን፣ አስጐብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ከተመደቡልን በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀራት በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል ወዳለው የድንኳን ሥፍራ ገባን። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ፀሐይዋ ከጋራው ጀርባ እንደገባች ብርዱ ወዲያው ስለሚወርድ በብርሃን መድረስ የግድ ነው። ድንኳን እስኪተከል ያለው ጊዜ ለአራት ዓመት ልጅ ረጅም ነው፤ ሥራ ካልሰጡት ወይ አውታሩ ላይ ይሰናከላል ወይ ጭቃ የያዘ ጫማውን እንዳደረገ መኝታው ላይ ይወጣል። የእኛው የካስማ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እያንዳንዱን ካስማ ለአባቱ ከማቀበሉ በፊት በጃኬቱ እጅጌ ይጠርገው ነበር፤ ጥረግ ያለው ሰው አልነበረም። አንዱን ሳይጠርገው ስለተቀበልነው ተነቅሎ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ ተነቀለ፣ ተጠረገ፣ እንደገና ተተከለ።

ከመኝታ በፊት ቀን የለበሰውን ሁሉ፣ ደረቅ የሚመስለውን ጭምር፣ አውልቀን ለወጥንለት፤ በሩጫ ላብ የሰረገበት ልብስ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲሰርቅ ያድራል። ብዙ ሰው ብርድ ሲሰጋ የሚደርበው ከላይ ነው፤ መሬቱ ግን ከሥር በኩል ሙቀትን ስለሚወስድ ያለንን ስፖንጅ ለእሱ አነባብረን እኛ በቀረው ተኛን። ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተን፣ በካልሲ ጠቅልለን ከእግሩ ሥር አኖርንለት። ድንኳን ለማሞቅ ብሎ ቡታጋዝ ወይም ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ሌሊቱ ሳይጋመስ ጅብ ጮኸ። ልጁ ነቅቶ ነበር። ምግብ የሚባል ነገር፣ ለመንገድ ብለን የያዝነው ብስኩት ሳይቀር፣ መኪናው ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር አባቱ ያለ አንዳች ማስመሰል «እዚህ ለእሱ የሚሆን ነገር የለም፤ ጓደኞቹን እየጠራ ነው» ሊለው ችሏል። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ይምጡለት» አለና ተገላብጦ ተኛ። ከንጋቱ በፊት ፖፖው አገልግሎት ሰጠ፤ ባለቤቴ አስተያየት አልሰጠም።

ሐሙስ

ደጅ ባደረው የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ነበር። ቀድሞ ያገኘው ልጁ ነው። «ውኃውን ማን ከደነው?» ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሲሰነጠቅ አንዱን ስንጣሪ በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ፀሐይዋ አዞረ፣ በውስጡም አሻግሮ ጽዱን አየበት፤ ከዚያ አባቱን፣ ከዚያ የራሱን ቦቲ። ስንጣሪው በመዳፉ እየቀለጠ ጓንቱን አራሰው፤ ሌላ ጓንት አደረግንለት፤ ያኛውንም አራሰው። ቁርስ የቀረበው ሳፋው ውስጥ አንድም በረዶ ሳይቀር ነው።

አስጐብኚያችን በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለውን አጭር የእግር መንገድ አዋቂ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚጨርሰው ነገረን። እኛ ረፋዱን ሁሉ ፈጅተንበት እኩሌታውን ሄድን። በዚህ የሚበሳጭ ሰው ከሕፃን ጋር ወደ ተራራ ባይወጣ ይሻለዋል። ልጅ እየቆመ ይሄዳል እንጂ እየሄደ አይቆምም፤ ለእሱ መንገዱ ከአንዱ የሚነካ ነገር ወደ ሌላው መሻገሪያ ነው። የኮሶ ዛፍ ቅርፊት ቀላ ብሎ በስስ በስሱ የሚላጥ በመሆኑ መሬት የወደቀውን መልቀም ነበረበት፤ ከዛፉ ላይ መላጥ ግን እንደማይፈቀድ አንድ ጊዜ ተነገረው፣ ከዚያ በኋላ እኛን ይጠብቀን ጀመር። ስካውቱ ሽበታም አዛውንት ናቸው፤ ልጁ «አባባ» ይላቸዋል፣ እሳቸው «የኔ ጌታ» ይሉታል። በየመቶ እርምጃው ጠብመንጃቸውን ተደግፈው ሲቆሙለት አንድም ቀን ፊታቸው ሲጠቁር አላየሁም።

የደጋ አጋዘኑን ያየነውም በመዘግየታችን ይመስለኛል። ልጁ አንድ ጥንዚዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሁላችንም ዝም ባልንበት ሰዓት ከጽዶቹ መካከል ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ ወጣና ቆመ። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም፤ ለሳይንስ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ እኛ ከ10 ሳንቲም ላይ እናውቀዋለን። ትልቁ ወንድ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። አስጐብኚው ልጁን ከፊቱ አቁሞ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና በሹክሹክታ «እሱ እስኪሄድ እኛ ዛፍ ነን» አለው። ልጁ ዛፍ ሆነ። ጥንዚዛው በቦቲው ላይ ሲወጣ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ለልጅ «ዝም በል» ከማለት «ዛፍ ነን» ማለት እንደሚሻል ከዚህ ወጣት ተማርኩ፤ በቀሩት ቀናትም ደጋግሜ ተጠቀምኩበት።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ድንኳን ውስጥ ሲያንቀላፋ የነገውን ውኃ አፈላን። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ድንች ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል፣ ፓስታም ቆይቶ ይለሰልሳል። የመጠጥ ውኃም ቢሆን ዝቅ ባለ አገር አንድ ደቂቃ መንተክተኩ የሚበቃው ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። ቡታጋዙን ከድንኳኑ ራቅ አድርገን፣ ዙሪያውን በድንጋይ ከልለን፣ ከድንጋዩ ወዲህ ማለፍ የተከለከለ መሆኑን ለልጁ አሳየነው። ክልከላ ለዚህ ዕድሜ የሚገባው በዓይን ሲታይ ነው፤ «ወደ እሳቱ አትቅረብ» ቢሉት ስንት እርምጃ «መቅረብ» እንደሆነ አያውቅም፤ የድንጋዩን መስመር ግን ሊያልፈው አልሞከረም።

ዓርብ

ነፋስ የበዛበት ቀን ነው። ወደ ጋይሳይ ወርደን በሜዳው ዳር ትንሽ ተራመድን፤ ልጁ ግን ገና ከመነሻው «እግሬ አልቋል» ብሎ ስለተቀመጠ አባቱ ትከሻው ላይ አወጣው። ፀሐዩ ስለማይሞቅ ይታለላል እንጂ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ባለ ሰፊ ክፈፍ ኮፍያ ማድረግና ቅባት መቀባት የዚያ ቀን ዋና ጭቅጭቃችን ነበር። አጋዘን በመንጋ አየን፣ ቦሆር የሚባለውንም ባለ አጭር ቀንድ ሚዳቋ መሳይ እንስሳ አየን። እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደ ድንኳናችን ተመለስን። ቀሪውን ጊዜ ልጁ ከድንጋይና ከጽድ ፍሬ የከርከሮ በረት ሲሠራ ዋለ። ከመኪና ወደ መኪና ሲሮጥ ከሚውል ጎብኚ ጋር ሳነጻጽረው የዋልንበትን ቀን እንደ ባከነ አልቆጥረውም።

ቅዳሜ

ዲንሾ ላይ የሰነበትነው ገላችን ከፍታውን እንዲለምድ፣ ለዚህ ቀን ሲባል ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከፍታ አለው፤ እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዋቂ ራሱን ሲያመው ይናገራል። የአራት ዓመት ልጅ ግን ራሱን አሞት ሳለ «ሆዴን» ይላል፤ ወይም ምንም ሳይል ይነጫነጫል፣ ምግብ ይገፋል፣ ያለ ሰዓቱ ይተኛል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ልጅ በማንኛውም የጉዞ ቀን የሚያደርጋቸው ናቸው፤ ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። እኛ የያዝነው ደንብ አጭር ነበር፤ ከፍታ ላይ የታየ መነጫነጭ ሌላ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የከፍታ ሕመም ተብሎ ይያዛል፣ መፍትሔውም መውረድ ነው። ስለዚህ አምባውን በቀን አቋርጠን፣ ማዶ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የካቻ የድንኳን ሥፍራ ለማደር ወሰንን። ሳነቴ ላይ ማደር ይቻላል፣ የሚያድሩም ብዙ ናቸው፤ ከትንሽ ልጅ ጋር ግን አልመክረውም።

በሮቤና በጎባ አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ዛፉ ቀስ በቀስ አጠረ፤ አስታው ከቁመታችን ወረደ፣ ኋላም ከጉልበታችን። ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። በየቦታው ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻውን ቆሟል። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖርና አንድ ጊዜ ረጅሙን የአበባ ግንድ ሽቅብ ሰድዶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል፤ የደረቁት ግንዶች ከመኪና አጠገብ ሲታዩ ከጣሪያው እጅግ ይረዝማሉ። ልጁ መጀመሪያ ሰዎች መስለውት እጁን አወዛወዘላቸው።

የወረድነው መሬቱ ሁሉ በተቆፈረበት ቦታ ነው። ስካውቱ ጣታቸውን ወደ አንድ ትኩስ የአፈር ክምር ቀስረው «እዚህ ዛፍ ሁን» አሉት። ምንጣፍ አንጥፈንለት በሆዱ ተኛ። አፈሩ ተነቃነቀ፤ ቆመ፤ እንደገና ተነቃነቀና አንድ ሰፊ ቡናማ ጭንቅላት ብቅ አለ። የባሌ ትልቁ ፍልፈል ነው፤ ከባሌ ተራሮች ውጭ የለም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተቀመጡ ስለሆነ ገና ግማሽ ራሱን ሳያወጣ ሰማዩን ያያል። ዙሪያውን ቃኘና እስከ ወገቡ ወጣ፤ የኋላ አካሉን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳስቀረ በሚደርስበት ሁሉ ሣሩን በትልልቅ ጥርሶቹ እየቆረጠ አፉን ሞላ፣ ከዚያም ፊቱን ሳያዞር፣ የኋሊት፣ ወደ ውስጥ ተሳበ። አንዲት ጥቁር ቡናማ ወፍ አጠገቡ ቆማ ከተገላበጠው አፈር ትለቅም ነበር። ልጁ ትንፋሹን ይዞ ኖሮ ፍልፈሉ ሲገባ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔ ደግሞ ደንግጬ የልብ ትርታውን ዳሰስኩ። ደህና ነበር። ፍልፈሉ ወጣ ገባ ሲል ብዙ ቆየን፤ እያንዳንዱ መውጣት ለልጁ አዲስ ነበር።

ቀይ ቀበሮው የመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ከመቶ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ እግሩ ረጅም፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ጅራቱ ጫፉ ላይ የጠቆረ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ በፍልፈል ጉድጓዶች መካከል ቀስ እያለ አለፈ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከግማሽ በላዩም እዚሁ ባሌ። በመንጋ ይኖራሉ፤ የሚያድኑት ግን ለየብቻ ነው። ባለቤቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ ፎቶ አነሣ። ልጁ ቀና ብሎ አየውና «ውሻ» አለ፤ ወዲያው ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ብዙ ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣለትን እንስሳ በአንድ ቃል ሲያሰናብተው ለመከራከር ቃጥቶኝ ነበር፤ ተውኩት። እሱ የመረጠው ፍልፈሉን ነው፤ ለዚያች ቅርበት ፍልፈሉ ይበቃል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ቀበሮው አንድ ጉድጓድ አጠገብ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ድርቅ ሲል ልጁ ሁለቱን እንስሳት አገናኛቸው።

«ይበላዋል?»

እኔና አባቱ ተያየን። ስካውቱ ቀደሙን። «አዎ፣ የኔ ጌታ፣ ከያዘው ይበላዋል። ፍልፈሉ ግን ጉድጓዱ ብዙ ነው።»

«ካልያዘው ይራበዋል?»

«ይራበዋል። ሌላ ጉድጓድ ይሄዳል።»

ልጁ ለማን እንደሚያደላ ግራ ገብቶት ቆየ። ቀበሮው ዘለለ፣ ሳተ፣ አፍንጫውን አራግፎ ሄደ። ስካውቱ ከዚያ ለእኛ ስለ መንደር ውሾች አጫወቱን፤ ቀይ ቀበሮውን ከረኃብ ይልቅ የሚፈጀው ከውሾች የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ፣ ለዚህም ሲባል በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾች ክትባት እንደሚሰጣቸው ነገሩን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከሌላ ቦታ የማይገኙ እንዲህ ያሉ ፍጥረታት ስላሉበት ነው፤ መዝገቡ ግን ውሻን አይከትብም።

አስጐብኚው 4,377 ሜትር ወዳለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ በመኪና መውጣት እንደምንችል ሐሳብ አቀረበ። ልጁ እስከዚያች ሰዓት ሙዝ በልቷል፣ ውኃ ጠጥቷል፣ ይስቃል፤ ሆኖም ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ጊዜ አዛግቶ ነበር። የሸለብታው ሰዓት ስለሆነ ይሆናል፤ ስለ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። አመስግነን ቁልቁሉን ያዝን። አምባው ሲያበቃ መንገዱ በጥምዝምዝ ወደ ሐረና ይወርዳል፤ ልጁ ተኝቶ የዛፍ ሽበት ከተንጠለጠለበት ከአስታው ደን ውስጥ ገባን፣ ሲነቃ በደንብ ራበኝ አለ። ከምግብ ፍላጎት የተሻለ ምልክት አልነበረንም።

እሑድ

ካቻ ላይ ያነቃን ጠብታ ነው። ዝናብ አልነበረም፤ ጉሙ በቅጠሎቹ ላይ ተጠራቅሞ ድንኳናችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከሳነቴ ደረቅ ውርጭ በኋላ የሐረና እርጥበት ሌላ አገር የገባን ያህል ነው፤ ብርዱ ለዝቧል፣ ልብስ ግን አይደርቅም። በየላስቲኩ የታሰረው ቅያሪ ዋጋውን ያገኘው እዚህ ነው፤ ጠዋት ያለበስነውን ረፋድ ላይ ለወጥን።

እዚህ ያለው ደንብ ከዲንሾው ይጠብቃል። ሐረና አንበሳ ያለበት ጫካ ነው፤ ከምሽት በኋላ ከድንኳኑ ሥፍራ መራቅ የለም፣ ቀንም ልጁ ከአንዳችን ዓይን አይሰወርም። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠለጠልንለት። «ካጣኸን አትፈልገን፤ አንድ ዛፍ እቀፍና ንፋ» የሚለውን በጨዋታ አለማመድነው፤ አባቱ ይደበቃል፣ ልጁ ዛፍ አቅፎ ይነፋል፣ አባቱ ይመጣል። የጠፋ ልጅ ሲንከራተት ፈላጊውን ያደክማል፤ በቆመበት ከቆየ ግን ቶሎ ይገኛል። ጨዋታው ከመጠን በላይ ተወደደና ጫካው በፊሽካ ተናወጠ፤ ከበላያችን የነበሩት ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እያንጨፈረሩ ከዛፍ ዛፍ ተወርውረው ሄዱ። አስጐብኚው በትሕትና «እንግዲህ በቃው» አለ።

የመጸዳጃውም ነገር እዚህ ይለያል። ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል፤ ከወንዝም ሆነ ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር መራቅ አለበት። ልጁ መቆፈሪያዋን ሲያይ ራሱን ፍልፈል አደረገና የማያስፈልጉ ጉድጓዶችም ተቆፈሩ፤ ሁሉንም አስደፈንነው። የተጠቀምንበትን ሶፍት አልቀበርነውም፤ በላስቲክ አስረን ይዘነው ወጣን።

ወደ ቀርከሃው ስንሄድ ሳማ እጁን ለበለበው። ጩኸቱ ከፊሽካው ይበልጥ ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳናሽ፣ ደጋግመን አጠብንለት፤ ቆዳውን ማሸት የሳማውን እሾህ ይበልጥ ያሰርገዋል። ስካውቱ ቁጭ ብለው የሳማውን ቅጠል ከሥሩ ይዘው፣ ጸጉሩን በፀሐይ አንጻር አሳዩት፤ ልጁ በእንባው መካከል ቀርቦ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ያለውን ሳማ ሁሉ እሱ ነው ያስጠነቀቀን፤ ሳማ ያልሆነውንም ጨምሮ። ቀርከሃ የሚበላውን የባሌ ጦጣ አላገኘነውም። ከርቀት ቅርንጫፍ ሲነቃነቅ አይተናል፤ ያ ማንም ሊሆን ይችላል።

ሰኞ

ድንኳኑን እርጥቡን ጠቅልለን ወደ ላይ ተመለስን። ሪራ መንደር ላይ ስንቆም የመንደሩ ልጆች መኪናውን ከበቡት። ስካውቱ «አካም» በላቸው አሉት፤ አለ። ከዚያ በኋላ አማርኛም ኦሮምኛም ሳያስፈልግ ፊሽካው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም በየተራ ነፋው፣ ስንነሣ ፊሽካው አብሮን አልነበረም። ልጁ አልጠየቀበትም።

አምባውን ሳንቆም አቋረጥነው። ልጁ ፍልፈሉን ሊሰናበት ፈልጎ ነበር፤ ጉም ወርዶ መሬቱ ራሱ አይታይም። በጎባው ቁልቁለት ጥምዝምዝ ላይ የልጁ ፊት ቀለሙ ሲለወጥ አቆምን፤ ንጹሕ አየር፣ ትንሽ ውኃ፣ ወደፊት አሻግሮ እንዲያይ ማድረግ፤ አለፈለት። ሮቤ ላይ ምሳ ስንበላ ድንኳኑን መኪናው ላይ ዘርግተን አደረቅነው።

መንገድ ላይ ባለቤቴ ስለሚቀጥለው አነሣ። ከዲንሾ በፈረስና በበቅሎ ወደ ወይብ ሸለቆ ተሂዶ በየቦታው እየታደረ ቀበሮ የሚታይበት ጉዞ አለ፤ አስጐብኚው አጓጉቶታል። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። በፈረስ ላይ የተሳፈረ የአራት ዓመት ልጅ የግድ በአዋቂ እጅ የሚያዝ ነው፤ ከመኪና የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው የሚወረድበት ፈጣን መንገድ የለም። ልጓሙን ራሱ የሚይዝበት፣ ራሱን ሲያመው «ራሴን» የሚልበት ዕድሜ ሲመጣ እንሄዳለን። እስከዚያ ግን ዲንሾ ድረስ አስፋልቱ አለ፣ የቀረው የእግር መንገድ እኩሌታም ገና አልተሄደም።